በካናቴራ ላይ የተጻፈው ቃል የማን ነው?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ጠዋት፣ ለመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁ ልጆች በቁምስናችን አዳራሽ ተሰብስበው ሳለ፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆን አንድ ልጅ ጥቁር ካናቴራ ለብሶ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ካናቴራው ታጥቦ ተተኩሷል። በደረቱ ላይ ግን በትልልቅ ነጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ ዐረፍተ ነገር ታትሞበታል። ያንን ዐረፍተ ነገር በዚህ ገጽ ላይ ልናሰፍረው አንችልም፤ በአማርኛ ተተርጉሞ በአደባባይ ቢነገር ተናጋሪውን ሽማግሌዎች የሚገሥጹበት ዓይነት ጸያፍ ቃል ነበርና። በአዳራሹ ከነበሩት ሁሉ ትርጉሙን የተረዱት ምናልባት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱ እኛ ነበርን። ልጁ ራሱ ምንም እንዳልተረዳ ከፊቱ በግልጽ ይታይ ነበር፤ የበዓል ልብሱን እንደ ለበሰ ልጅ ቀና ብሎ ነበር የተቀመጠው።

እኛም ወደ እርሱ ቀርበን፣ ወደ ቤቱ ሄዶ ልብሱን ለውጦ እንዲመለስ በጆሮው ነገርነው። ምክንያቱን አልነገርነውም። መሥዋዕተ ቅዳሴው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቀርተውት ስለ ነበር ቸኩለናል፤ ደግሞስ እንዲህ ያለውን ቃል ለልጅ እንዴት ያስረዱታል? ልጁ ወጣ። በዚያ ቀን አልተመለሰም፤ በሚቀጥለው እሑድም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት ካቴኪስታችን ነገሩን አጣርቶ መጣ። ካናቴራውን እናቱ ለፋሲካ በዓል ከሰልባጅ ተራ መርጣ እንደ ገዛችለት፣ ከእርሱ የተሻለ ልብስ እንደሌለው፣ ልጁም አፍሮ እንደ ቀረ ነገረን። ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቲቱ ቡና አፍልታ፣ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አባ፣ የልጁ ልብስ ምን ሆኖ ነው? ጥቁር ስለ ሆነ ነው? በበዓል ቀን የሐዘን መስሎባችሁ ነው?» ስትል ጠየቀችን። እኛም በአዎንታ ራሳችንን ነቀነቅን። እርሷም፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ነጩ አልቆባቸው ነው እንጂ» አለችና ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችልን። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን።

ልብስ መናገር የጀመረው ዛሬ አይደለም። በሀገራችን የነጠላን ጥለት አዙሮ መልበስ ሐዘንን ከደስታ ይለያል፤ በአንገት ላይ የታሰረ ማተብ የለባሹን እምነት ይመሰክራል፤ በጥምቀታችን ዕለት የለበስነው ነጭ ልብስም ራሱን የቻለ ቃል ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ለባሹም ተመልካቹም በሚያውቁት ቋንቋ ነው። በፋብሪካ የታተመ ካናቴራ የሚይዘው ቃል በሌላ ሀገር ሰው የተቀመረ፣ ለሌላ ሀገር ገበያ የታሰበ ነው፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ በቦንዳ ታስሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ቃሉን ሊያነበው በማይችል ሰው ደረት ላይ ያርፋል። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ልብሱ በሚናገርበት ጊዜ የሚናገረው ማን ነው? ስለ ቃሉስ ተጠያቂው ማን ነው?

ካናቴራ በመነሻው ዲዳ ልብስ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1913 ለመርከበኞቹ ሲያድል የውስጥ ልብስ አድርጎ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የማሠልጠኛ ጣቢያቸው ስም የታተመበትን ካናቴራ የሚለብሱ ወታደሮች ታዩ፤ በ1948 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ የተወዳደሩት ቶማስ ዱዊም የምርጫ መፈክራቸው የተጻፈበት ካናቴራ ነበራቸው። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ወዲህ የሙዚቃ ቡድኖች፣ ፊልሞችና የስፖርት ክለቦች በዚሁ መንገድ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በየጎዳናው የምናየው ነው። በጥንት ዘመን የጌታውን ምልክት ተሸክሞ የሚዞር አሽከር ደመወዝ ይከፈለው ነበር፤ የዛሬው ደጋፊ ግን የሌላውን ምልክት በደረቱ ለመሸከም ከኪሱ ይከፍላል።

ይህን ስንል ደጋፊውን ለማቃለል አይደለም። ሰው የሚወደውን ነገር ገላው ላይ ማድረግ ይወዳል። የአርሰናልን ወይም የማንቸስተር ዩናይትድን ማልያ ለብሶ ቅዳሜ ማታ ጨዋታ ለማየት የሚሰበሰብ ወጣት የማያውቀውን ሰው «ወንድሜ» የሚልበት አንድ ምክንያት አግኝቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛም የእመቤታችንን ሜዳልያ በአንገታችን እናንጠለጥላለን። ጥያቄው የሚነሣው ፍቅሩ ሲቀርና ምልክቱ ብቻውን ሲቆም ነው።

ለዚህ የቼ ጉቬራን ፊት የሚያህል ምሳሌ የለም። ኩባዊው ፎቶግራፍ አንሺ አልቤርቶ ኮርዳ ያንን ሥዕል ያነሣው ማርች 5 ቀን 1960 በሃቫና፣ ላ ኩብር በተባለች መርከብ ፍንዳታ ለሞቱ ሰዎች በተደረገ የስንብት ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። እንግዲህ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ ፊት በቀብር ላይ የቆመ ሰው ፊት ነው። ቼ በ1967 ቦሊቪያ ውስጥ ከተገደለ በኋላ ሥዕሉ ዓለምን ዞረ፤ በ1968 አየርላንዳዊው ሠዓሊ ጂም ፊትዝፓትሪክ በቀይና በጥቁር ቀለም ሠራው፤ ከዚያ በኋላ በካናቴራ፣ በጽዋ፣ በቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ያልታተመበት ቦታ የለም። የግል ሀብትን ሲዋጋ የሞተ ሰው ፊት የንግድ ዕቃ ሆነ። ኮርዳ ለዓመታት ከዚህ ሁሉ ገንዘብ አልጠየቀም፤ በ2000 ግን ሥዕሉ ለቮድካ ማስታወቂያ በዋለ ጊዜ ለንደን ውስጥ ክስ አቀረበ፤ በስምምነት ያገኘውንም ገንዘብ ለኩባ ሕክምና ሰጠ። ሰውየው የሚያምነውን እኛ አናምንም፤ ይሁን እንጂ «ይህ ፊት ይህን ቃል አይናገርም» ብሎ መቆሙን እናከብርለታለን። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የእኛም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቼን ስም በመዝሙራቸው ያነሡ ነበር፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ለዚያ እምነታቸው ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ዛሬ ያንኑ ፊት ለብሶ የሚያልፍ ወጣት ስለ ማንነቱ ቢጠየቅ ዘፋኝ ነው ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ መልስ በጆሯችን ሰምተናል፤ ስቀንም ነበር፤ በኋላ ግን አባቱ በዚያ ዘመን ካለቁት ጓደኞቹ መካከል የተረፈ ሰው መሆኑን ስናስታውስ ሳቁ ቆመ።

ስለ ቦብ ማርሊ ካናቴራም የምንለው አለን። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማችን ያለበት ስለ ሆነ በከተሞቻችን ብዙ ይለበሳል። በአንዳንዶቹ ላይ ከፊቱ አጠገብ የሐሺሽ ቅጠል ይታተማል፤ ብዙ ወላጆችም ልጃቸው ይህን ሲለብስ በቅጠሉ ምክንያት ይቆጣሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ከለባሹም ከቆጪውም የተሰወረ አንድ ነገር አለ። ይህ ሰው ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1980፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ በግንቦት ወር 1981 በኪንግስተን የተፈጸመው የስንብት ጸሎቱም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነበር። አታሚው ከሰውየው ሕይወት የሚሸጠውን መረጠ፤ የማይሸጠውን ተወ። አንድ ካቴኪስት ልጁን «ይህን አውልቅ» ከማለቱ በፊት «ይህ ሰው ሲሞት ስሙ ማን እንደ ነበር ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቀው ውይይቱ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ከእነዚህ የተለየ ነገርም አለ። በማርች 1984 እንግሊዛዊቷ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ካትሪን ሃምኔት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ወዳደረጉት ግብዣ ሄደች። ኮቷን ስትከፍት፣ የአሜሪካ የኑክሌር ሚሳይሎች በአውሮፓ መተከላቸውን በመቃወም «58 በመቶው ፐርሺንግን አይፈልጉም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ከሩቅ በሚነበቡ ፊደላት በካናቴራዋ ላይ ታየ። ከአስተናጋጇ ጋር እንደዚሁ ሆና ፎቶግራፍ ተነሣች። ስለ ግብዣ ጨዋነት የሚከራከር ይኖራል፤ እኛም ለምሳ ጠርቶን በደረቱ የሚሰድበንን እንግዳ ደስ ብሎን የምናስተናግድ አይመስለንም። ነገር ግን ይህች ሴት ቃሉን ራሷ ጻፈችው፤ ትርጉሙን ታውቀዋለች፤ ቃሉ በሚመለከተው ሰው ፊት ይዛው ቆመች፤ መልስ ብትጠየቅም መልስ ነበራት። በእኛ አስተያየት በካናቴራ ላይ ያለ ጽሑፍ የለባሹ ቃል የሚሆነው በዚህ ሚዛን ሲለካ ነው፦ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው ለባሹ ሊመልስለት ይችላልን?

በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ውሸት የተማርነው ከቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ነው። ቅዱስ ቶማስ በዐቢዩ የነገረ መለኮት ድርሳኑ፣ ሰው በአፉ ብቻ ሳይሆን በሥራውና በሚያሳየው ምልክትም ሊዋሽ እንደሚችል ያስተምራል፤ ውሸትን ውሸት የሚያደርገው ግን ሰው በልቡ ከሚያውቀው የሚጻረር ነገር ለመግለጥ መፈለጉ ነው። በዚህ ሚዛን የማያውቀውን ቃል የለበሰ ልጅ አልዋሸም፤ አልተሳደበምም። ቃሉ በእርሱ ላይ ተጭኗል እንጂ ከእርሱ አልወጣም።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ልማድ አለ። በአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውል በሚሉት፣ ፊሽካው እንደ ተነፋ አሸናፊዎቹ «ሻምፒዮን» የሚል ካናቴራ በሜዳው ላይ ይለብሳሉ። ይህ እንዲሆን ልብሱ ለሁለቱም ቡድኖች አስቀድሞ ይታተማል። የተሸናፊው ቡድን ልብስ በዚያ ሀገር አይሸጥም፤ ለብዙ ዓመታት ወርልድ ቪዥን እየተረከበ በሌሎች ድሃ ሀገሮች ለሚገኙ ችግረኞች ያድለው ነበር። እንግዲህ ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚናገር ልብስ፣ እርቃኑን ለመሸፈን በተቀበለው ሰው ላይ ይዞራል ማለት ነው። ዕርዳታውን አንነቅፍም፤ ልብሱን ከማቃጠል ማልበስ ይሻላል። ግን ልብ በሉ፤ በባለጸጋው ሀገር ለመታየት ያልተገባው ሐሰት በድሃው ደረት ላይ ምንም ችግር የለበትም የተባለው፣ ድሃው አያነብም፣ ቢያነብም ግድ የለውም ተብሎ ስለ ታሰበ አይደለምን?

ደግሞ ሐሰት የሚመስል ነገር ሁሉ ሐሰት አይደለም። ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለተሳታፊዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ካናቴራ ያለብሳል። ሩጫው ካለፈ በኋላ ያ ካናቴራ ለዓመታት በግንባታ ሥራ ላይ፣ በጉልት ገበያ፣ በገጠር እርሻ ሳይቀር ይታያል። የሮጠው ልጅ ነው፤ የሚለብሰው አባት ነው። ማንም ግን አባትየውን ሮጫለሁ ብሎ ዋሸ አይለውም፤ ልብሱ ከየት እንደ መጣ ሁሉም ያውቃልና። ተመልካቹና ለባሹ አንድ ዕውቀት ሲኖራቸው ልብሱ ማንንም አያስትም።

ታዲያ ቃሉ የልጁ ካልሆነ የማን ነው? ይኸው ቅዱስ ቶማስ ስለ ልብስና ጌጥ በሚናገርበት ክፍል የእጅ ባለሙያዎችንም ያነሣል፦ ለኃጢአት ካልሆነ በቀር ለሌላ የማይውል ዕቃ የሚሠራ ሰው በመሥራቱ ይበድላል፤ ለመልካምም ለክፉም ሊውል የሚችለውን የሚሠራ ግን በመሥራቱ ብቻ አይወቀስም። ካናቴራ በራሱ ለመልካም የሚውል ዕቃ ነው። በላዩ ላይ ጸያፍ ቃል ማተም ግን ሰውን ከማስነወር ሌላ ምን ጥቅም አለው? ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠያቂ ትርጉሙን እያወቀ ያተመው ነው፤ ቀጥሎም እያወቀ ገዝቶ በቀልድ የለበሰውና፣ ቀልዱ ሲሰለቸው «ለድሆች» ብሎ ከረጢት ውስጥ የከተተው ነው። በውጭ ሀገር የምትኖሩና ለዘመዶቻችሁ ልብስ የምትልኩ ምእመናን ይህን አንብባችሁ እንደ ሆነ፣ ከመላካችሁ በፊት ደረቱንም ጀርባውንም እንድታነብቡልን እንለምናችኋለን።

ከዚህ ተጠያቂነት እኛም አናመልጥም። ባለፈው የቁምስናችን ኢዮቤልዩ ያሳተምነውን ካናቴራ የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። በደረቱ ላይ የጠባቂ ቅዱሳችን ሥዕል ነበር፤ በጀርባው ደግሞ የኅትመቱን ወጪ የሸፈነው ድርጅት ስም። ካናቴራዎቹ ሲመጡ ስሙ ከቅዱሱ ሥዕል በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ነጻ ስለ ሆነ ዝም ብለን አደልነው፤ በዑደቱም ላይ ከኋላ ሆኖ ለሚያየን ሰው የማን ደጋፊዎች እንደ ሆንን ለመለየት ያስቸግር ነበር። በዚያ ቀን ከእኛ መካከል ማንም ልብስህን ለውጠህ ና አልተባለም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምንመክረው ረጅም አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ልጁን ለብቻው ውሰዱት፤ ቃሉ ጸያፍ መሆኑን፣ እርሱ ግን እንዳላጠፋ በአንድ ጊዜ ንገሩት፤ ሁለቱ ከተለያዩ ሁለተኛው አይሰማም። ካናቴራውን ገልብጦ ቢለብሰው ይበቃል፤ ነጠላም በቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። ዕድሜው ከፍ ላለውና ትርጉሙን እያወቀ ለለበሰው ግን ሌላ ንግግር ያስፈልጋል፤ እርሱን እንደ ተናጋሪ ቁጠሩት፣ ቃሉንም እንዲመልስላችሁ ጠይቁት። ልጁን የማያውቅ፣ ጎልማሳውን የሚያውቅ አድርጎ የማየት ልማድ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ይልቅ የሚያውቁ ልጆች በዝተዋልና።

አሁን ወደ ጀመርነው እንመለስ። ቅዱስ ቶማስ ስለ ውሸት በሚናገርበት በዚያው ክፍል፣ በራስ ንቅናቄ ሐሰትን ሊያስረዳ የፈለገ ሰው ከውሸት ነጻ አይደለም ይላል። ይህን ለዚህ ጽሑፍ ስንል ደግመን ባነበብን ጊዜ የእናቲቱ ቡና ትዝ አለን። ልጇ ምንም ሳያውቅ በለበሰው ቃል የቀጣነው እኛ፣ እያወቅን በአንገታችን ዋሸን። ያን ጊዜ ለራሳችን የነገርነው እርሷን ከኀፍረት ለማዳን እንደ ሆነ ነው። ከኀፍረት የዳንነው ግን እኛ ነበርን፤ እውነቱን ብንነግራት፣ ያላጠፋውን ልጅ ለምን እንዳስወጣነው መጠየቋ አይቀርም ነበርና።

ልጁ ከዚያ ጉብኝት በኋላ ተመልሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቅዱስ ቁርባን ተቀብሏል፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጠበቀን። «አባ፣ ያቺ ጥቁር ካናቴራ ትዝ ትልዎታለች?» አለን። እንደምናስታውሳት ነገርነው። «ምን እንደምትል አሁን አወቅሁ» አለና ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ያኔ ያውቁ ነበር?» ሲል ጠየቀን። እናውቅ እንደ ነበር ነገርነው። አልተቆጣም። ደብተሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ፣ «እናቴ ግን እስካሁን ጥቁር ስለ ሆነች ነው ብላ ነው የምታስበው» አለን፤ «ከዚያ ወዲህ ለማናችንም ጥቁር ልብስ ገዝታ አታውቅም።»